ሳይኮቴራፒ ያዋጣል ወይ? ባለሙያ የሚፈለግበትና የሚፈተንበት መንገድ

«ወሬ ነው፤ ወሬ ደግሞ ቡና ላይም በነፃ ይገኛል» የሚለው አስተያየት በሳይኮቴራፒ፣ ማለትም በንግግር በሚሰጥ የሥነ ልቦና ሕክምና፣ ላይ ከሚሰነዘሩት ሁሉ የተለመደው ነው፤ መልስም ይገባዋል። ገንዘብ ከፍሎ፣ ከሥራ አስፈቅዶ፣ ለማያውቁት ሰው የቤትን ገመና መዘርዘር ከጎረቤት ጋር ቡና ከመጠጣት የተለየ ውጤት ካላመጣ ትርፉ ድካም ነውና።

ውጤት ማምጣት አለማምጣቱ ተፈትሿል፤ ፍተሻውም በአውሮፓና በአሜሪካ ብቻ አልቀረም። በዩጋንዳ ገጠር በ30 መንደሮች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት፣ በድባቴ የሚሠቃዩ ሰዎችን በቡድን እያሰባሰበ ለ16 ሳምንታት በየሳምንቱ ያገናኛቸው ሲሆን፣ ቡድኖቹን የመሩት አጭር ሥልጠና የወሰዱ የዚያው አገር ሰዎች ነበሩ። በመጨረሻ ሲመረመሩ በቡድን ከታከሙት መካከል ድባቴው ያልለቀቃቸው ከመቶ 7 አይሞሉም፤ ካልታከሙት መካከል ግን ከግማሽ በላይ ነበሩ። በዚምባብዌ መዲና በሐራሬ ደግሞ የሠለጠኑ አረጋውያን እናቶች በክሊኒክ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ችግርን አንድ በአንድ የመፍታት ሕክምና ይሰጣሉ፤ በ24 ክሊኒኮች 573 ሰዎችን ያካተተውና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት፣ ከስድስት ወር በኋላ በእነዚህ እናቶች የታከሙት የሕመም ምልክት በተለመደው መንገድ ከታከሙት ይልቅ በእጅጉ ቀንሶ እንደተገኘ አሳይቷል።

እነዚያ እናቶች ከቡና ጎረቤት የሚለዩት በዕውቀት ብዛት አይመስለኝም። ጎረቤት አዝኖ ይሰማል፣ ይመክራል፣ ወደ ራሱ ታሪክም ይሻገራል፤ እነርሱ ግን ከታካሚው ጋር አንድ ችግር መርጠው፣ ለሳምንቱ የሚሞከር ነገር ተስማምተው፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ «ምን ሆነ?» ብለው ይጠይቃሉ። ሳይኮቴራፒን እንደ ሙከራ መያዝ ይገባል የምለው ከዚህ ተነሥቼ ነው፦ መነሻው የተጻፈ፣ ጊዜው የተወሰነ፣ ውጤቱ የሚታይ ሙከራ።

ወሰን እንዳለውም አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል። ለቀላልና ለመካከለኛ ድባቴ ከመድኃኒት ጋር የሚተካከል ጥቅም አለው፤ ድንገት ለሚያጣድፍ ፍርሃትና እጅን ደጋግሞ ለመታጠብ ዓይነት አባዜ ደግሞ ከቀዳሚዎቹ ሕክምናዎች አንዱ ነው። ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ለሚሰማ ወይም እንቅልፍ ሳያሻው ለቀናት በደስታና በቁጣ ለሚናጥ ሰው ግን መድኃኒቱ ይቀድማል፤ ንግግሩ ይከተላል። የቤት ኪራይን አይከፍልም፤ የሚደበድብ ባልንም አያርምም።

አንደኛ፦ አካልን አስቀድሞ ማስመርመር

በእኛ ዘንድ ጭንቀትና ድባቴ በራሳቸው ስም ተጠርተው አይመጡም። የሚመጡት «ጨጓራዬ ነው»፣ «ጀርባዬን ያቃጥለኛል»፣ «ልቤ ድው ድው ይላል»፣ «ራሴን ጨምድዶ ይይዘኛል» እየተባሉ ነው፤ ስለዚህም ብዙ ሰው የሳይኮሎጂስት በር ከማንኳኳቱ በፊት የጨጓራ መድኃኒት ለዓመታት ይውጣል። የዚህ ተገላቢጦሹም አለ፤ የታይሮይድ ዕጢ መዛባት፣ የደም ማነስና የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ድካምን፣ የልብ ምትን ወይም የስሜት መውረድን ሊያመጡ ይችላሉ። ስለዚህ አንድ ጊዜ ጠቅላላ ሐኪም ዘንድ ቀርበው የደም ምርመራ ያድርጉ፤ ውጤቱ ንጹሕ ሆኖ ሐኪሙም ካረጋገጠልዎ፣ ሦስተኛና አራተኛ ላቦራቶሪ ፍለጋ መዞሩን ያቁሙ።

ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ፣ በተለይም መንገዱና ቀኑ የታሰበበት ከሆነ፣ ከዚህ በታች ያለው ዝርዝር ሁሉ ይቆይ፤ በዚያው ዕለት ከሚያምኑት ሰው ጋር ሆነው ወደ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ቤት ውስጥ ያለውን ፀረ ተባይና የመድኃኒት ክምችት ሌላ ሰው እንዲያነሣው ያድርጉ።

ሁለተኛ፦ ችግሩን በሚለካ ቃል መጻፍ

«ደስታ የለኝም» የሚለው ቃል እውነት ቢሆንም በስምንተኛው ቀጠሮ መሻሻሉን ለማወቅ አያስችልም። «በሳምንት አምስት ሌሊት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት እነቃለሁ፤ ከዚያ በኋላ አልተኛም» የሚለው ግን ያስችላል። «ሰው እሸሻለሁ» ከማለት ይልቅ «ከጥር ወዲህ ሁለት ለቅሶና አንድ ሠርግ ቀርቻለሁ፤ ስልክ ሲጠራ አላነሣም» ብለው ይጻፉ። ሁለት ሳምንት ሙሉ በትንሽ ደብተር ላይ እንቅልፍን፣ የቀሩበትን ቦታና የከፋዎትን ሰዓት ይመዝግቡ፤ በየማታው ከሦስት መስመር አይበልጥም።

ከዚህ ጋር ፒ.ኤች.ኪው-9 የተባለውን የድባቴን መጠን የሚለካ መጠይቅ መሙላት ይቻላል። ያለፉትን ሁለት ሳምንታት የሚመለከቱ ዘጠኝ ጥያቄዎች ሲኖሩት፣ ድምሩ ከ0 እስከ 27 ይደርሳል፤ ብዙ ጊዜ 10ና ከዚያ በላይ ሲሆን ባለሙያ ማየት ይመከራል። የአማርኛው ቅጂ በኢትዮጵያ ጤና ተቋማት ተፈትሿል። በመጠይቁ ብቻ በሽታ አይሰየምም፤ ነገር ግን ዛሬ 16 ያገኘ ሰው ከሁለት ወር በኋላ 8 ቢያገኝ «ወሬ ነው» የሚለውን ክርክር በራሱ ቁጥር ይመልሳል።

ሦስተኛ፦ ማን ምን እንደሚሠራ መለየት

ሳይካትሪስት ሕክምና ተምሮ በአእምሮ ሕክምና የተካነ ሐኪም ነው፤ መድኃኒት ያዛል፣ አንዳንዱም ሳይኮቴራፒ ይሰጣል፤ ወረፋው ረጅም በሆነበት የመንግሥት ሆስፒታል ግን ጊዜው አይበቃውም። ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት መድኃኒት አያዝም፤ ዋና ሥራው ምርመራና የንግግር ሕክምና ነው። ካውንስለርና የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ ለትዳር፣ ለሐዘን፣ ለሥራ ማጣት ዓይነት ጉዳይ ይረዳሉ። ከአዲስ አበባ ውጭ በብዙ ሆስፒታሎች የአእምሮ ክፍሉን ተሸክመውት የሚገኙት የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ናቸው፤ ልምዳቸው ብዙ ነውና ማዕረጋቸውን አይቶ ማለፍ ስሕተት ነው።

ጥንቃቄ የሚሻው «አሠልጣኝ»፣ «የስኬት አማካሪ» ወይም በደፈናው «ሳይኮሎጂስት» ብሎ በቲክቶክና በዩቲዩብ የሚቀርበው ነው። በሳይኮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ መያዝ ትምህርቱን ማወቅ ነው፤ በልምድ ባለው ሰው ክትትል ሥር ታካሚ እያዩ መሠልጠን ሌላ ነገር ነው። ተናጋሪነትም ሕክምና አይደለም፤ እንዲያውም ጥሩ ተናጋሪ መጥፎ አድማጭ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

የንስሐ አባትን፣ ሼኽን ወይም ፓስተርን በተመለከተ ምርጫ ውስጥ መግባት አያስፈልግም። ፀበል የሚጠመቅ ሰው የሥነ ልቦና ሕክምናውንም መድኃኒቱንም ጎን ለጎን ሊቀጥል ይችላል፤ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በዘመናቸው የኤችአይቪ መድኃኒትና ፀበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ መናገራቸው ይታወሳል። አንዱን ለማግኘት ሌላውን እንዲተዉ የሚያዝዎት ሰው፣ ካባ የለበሰም ይሁን ጋውን፣ ሊያስጠረጥርዎ ይገባል።

አራተኛ፦ የት መፈለግ

አዲስ አበባ ውስጥ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ ጥቁር አንበሳ፣ ቅዱስ ጳውሎስና የየካ ኮተቤ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። የመንግሥት ተቋም ክፍያው ቀላል ነው፤ ለንግግር ሕክምና የሚተርፈው ጊዜ ግን አጭር ሊሆን ስለሚችል፣ ካርድ ሲያወጡ «ሳይኮሎጂስት አለ? በምን ያህል ጊዜ ቀጠሮ ይሰጣል?» ብለው ለይተው ይጠይቁ። በክልል ላለ ሰው መነሻው የአካባቢው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ነው። እንደ አዲስ አበባ፣ ጎንደርና ጅማ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች በዘርፉ ባለሙያ ያሠለጥናሉና፣ የትምህርት ክፍሎቹን «የሚያክም ማንን ትጠቁሙኛላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ከማስታወቂያ የተሻለ ስም ያስገኛል።

ከሁሉ የበለጠ የሚሠራው መንገድ ግን የሚያምኑትን ሐኪም ወይም ነርስ «የገዛ እኅትዎን ለማን ይልኳት ነበር?» ብሎ መጠየቅ ነው። የሚሰጡዎትን ሁለት ሦስት ስሞች ይጻፉ፤ በአንዱ አይወሰኑ። እዚህ ላይ የእኛን ኑሮ የሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። ከባለሙያው ጋር በዕድር፣ በማኅበር ወይም በጋብቻ የሚገናኙ ከሆነ፣ ምንም ያህል የተመሰገነ ቢሆን ይለፉት። ምስጢር ባይወጣ እንኳ በየሠርጉ ዓይን ለዓይን መተያየቱ እርስዎን ያሳቅቃል፤ የተሳቀቀ ሰው ደግሞ የሚናገረውን ይመርጣል።

በውጭ አገር ላሉ ወገኖች መንገዱ ይለያል። በአሜሪካ አብዛኛውን ጊዜ ባለሙያው ታካሚው በሚኖርበት ስቴት ፈቃድ ሊኖረው ስለሚገባ፣ ሜሪላንድ ያለ ሰው በቪዲዮ ከመቀጠሩ በፊት ይህን ይጠይቅ፤ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ተቋማት አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸውና ልጅን ማስተርጎም አያስፈልግም። በእስራኤል እ.ኤ.አ. ከ2015 አጋማሽ ጀምሮ የአእምሮ ጤና አገልግሎት በኩፓት ሆሊም፣ ማለትም በጤና መድን ድርጅቶቹ፣ በኩል ይሰጣል፤ የአማርኛ ተናጋሪ ይኖር እንደሆነ እዚያው ይጠየቃል። በዓረብ አገር በሰው ቤት ለሚሠሩ ደግሞ በስልክ ከአገር ቤት ባለሙያ ጋር መገናኘቱ የተሻለ አማራጭ ሊሆን ይችላል፤ ቀጠሮው ግን አሠሪ በማይሰማበት ሰዓትና ቦታ ይሁን፤ የጽሑፍ መልእክቱም ይጥፋ።

አምስተኛ፦ ከመቀጠር በፊት በስልክ መጠየቅ

ይህን ርምጃ ብዙ ሰው በይሉኝታ ይዘለዋል። ሐኪምን «ምን ተማርክ?» ማለት ነውር መስሎ ስለሚታየን፣ ለአንድ ጫማ ሦስት ሱቅ የምንዞር ሰዎች ምስጢራችንን ለመጀመሪያው ለተገኘ ሰው እናስረክባለን። አምስት ደቂቃ የሚበቃቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦ ትምህርትዎ ምን ላይ ነው? የታደሰ የሙያ ፈቃድ አለዎት? እንደኔ ያለ ችግር፣ ለምሳሌ እንቅልፍ ማጣትና ፍርሃት፣ ያለባቸውን ሰዎች ያክማሉ? በምን ዘዴ? ለስንት ጊዜ ያህል እንገናኛለን? መሻሻሌን በምን ያውቃሉ? ክፍያው ስንት ነው? ብቀርስ?

መልሱን ብቻ ሳይሆን አመላለሱንም ያዳምጡ። «ፍርሃትዎ ድንገት የሚነሣ ከሆነ ሲቢቲ በሚባለው፣ ሐሳብንና ድርጊትን በመለወጥ በሚሠራው ዘዴ እንጀምራለን፤ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ቀጠሮ ሊወስድ ይችላል፤ በአምስተኛው ላይ ቆም ብለን እናያለን» የሚል ሰው ሥራውን ያውቃል። «አንቺ ብቻ ነይ፣ ሁሉም ይስተካከላል» የሚል ሰው ደግ ሊሆን ይችላል፤ ምን ሊሠራ እንዳሰበ ግን አልነገረዎትም። «መቶ በመቶ አድናለሁ» ካለ ስልኩን በትሕትና ይዝጉ።

ስድስተኛ፦ የመጀመሪያውን ቀጠሮ መታዘብ

እኔ ራሴ የመጀመሪያውን ቀን ለቤተ ሰብ «ለጨጓራ ልታይ ነው» ብዬ ነበር የሄድኩት። የተቀበለኝ ሰው ጨዋ ነበር፤ ወንበር አሳየኝ፤ ሁለት ደቂቃ ያህል ከሰማኝ በኋላ ግን እርሱም በወጣትነቱ እንዲሁ ይጨነቅ እንደነበር፣ በስፖርትና በጸሎት እንዴት እንዳለፈው፣ ሰው አስተሳሰቡን ከለወጠ የማይወጣው ተራራ እንደሌለ አርባ ደቂቃ አጫወተኝ። ከፍዬ ወጣሁ፤ ደረጃው ላይ ቆሜ ሳስበው የልጆቹን ቁጥር አውቄአለሁ፤ እርሱ ግን ሌሊት እንደምነቃ አላወቀም።

ሁለተኛዋ ባለሙያ አንድ ነጭ ወረቀት አወጣች። «ትናንት ማታ ስንት ሰዓት ተኛህ? ስንት ሰዓት ነቃህ? ስትነቃ መጀመሪያ የመጣልህ ሐሳብ ምን ነበር? ከዚያስ ምን አደረግህ?» እያለች ሌሊቱን በሰዓት ከፋፍላ አስነገረችኝ፤ ስለ መጠጥ፣ ስለ ጫት፣ ስለምወስደው መድኃኒት፣ ራሴን ለመጉዳት አስቤ እንደሆነም ድምፅዋን ሳትለውጥ ጠየቀችኝ። ምክር አልሰጠችኝም። ልወጣ ስል ግን የተናገርኩትን በአራት ዓረፍተ ነገር መልሳ ነግራኝ «የሳትኩት አለ?» አለችኝ፤ አንዱን አረምኩላት፤ እርማቱን ጻፈችው። ልዩነቱን በዚህ ያህል ቅርበት ካየሁ በኋላ ሰዎች «ጥሩ ባለሙያ በምን ይታወቃል?» ሲሉኝ የምመልሰው ይህችኑ ወረቀት ነው።

አንድ ነገር ግን አያደናግርዎ፤ በመጀመሪያው ቀን ሁሉን ካልዘረገፉ የሚል ባለሙያ ጥሩ ባለሙያ አይደለም። በተለይ ጦርነትን፣ መደፈርን ወይም ድንገተኛ ሞትን ያየ ሰው ሁሉን በአንድ ጊዜ እንዲተርክ ማስገደድ እንደማይረዳ፣ አንዳንዱንም እንደሚጎዳ የታወቀ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም አደጋ በደረሰ ማግሥት እንዲህ ያለውን የአንድ ጊዜ ማናገር አይመክርም። ሰው ሲዘጋጅ ይናገራል፤ ባለሙያው ይጠብቃል።

ሰባተኛ፦ ውሉን ግልጽ ማድረግ

የምስጢር ጉዳይ በመጀመሪያው ቀን ይነሣ። ምስጢር የሚጠበቅ ቢሆንም ወሰን አለው፦ የራስ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ባለሙያው ዝም ላይል ይችላል፤ ይህን ሳይጠየቅ የሚነግርዎት ሰው ታማኝ ነው። ማስታወሻው የት እንደሚቀመጥ፣ ባል ወይም እናት ቢደውሉ ምን እንደሚባሉ ይጠይቁ። ገንዘቡን በተመለከተ የአንድ ቀን ክፍያን በስምንት ያባዙ፤ የመጓጓዣውን ይጨምሩ፤ ድምሩ ቤት የሚያናጋ ከሆነ ከመጀመር በፊት ይናገሩ፤ በየሁለት ሳምንቱ መገናኘት ወይም ቅናሽ ሊኖር ይችላልና። በሦስተኛው ቀጠሮ ገንዘብ አልቆበት የሚያቆም ሰው ገንዘቡንም ሙከራውንም ያጣል።

ስምንተኛ፦ በሳምንቱ መሥራት፣ በአምስተኛው ቀጠሮ መለካት

ሕክምናው በቀጠሮው ሃምሳ ደቂቃ ብቻ አያልቅም። ታክሲ ውስጥ ድንገት ትንፋሽ የሚያጥረውና «አሁን ልሞት ነው» የሚል ሰው እንበል፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ከመገናኛ አራት ኪሎ በእግሩ ይሄዳል። ባለሙያው ከእርሱ ጋር መሰላል ይሠራል፦ በመጀመሪያው ሳምንት ፌርማታው ላይ አሥር ደቂቃ መቆም፤ ቀጥሎ ረዳቱ አጠገብ በር ላይ ተቀምጦ ሾላ መውረድ፤ ቀጥሎ እስከ እንግሊዝ ኤምባሲ፤ ከዚያ መሐል ወንበር ላይ ሆኖ ቀበናን ማለፍ፤ በመጨረሻ የኋላው ወንበር ላይ በአራት ሰው መካከል ተጨናንቆ አራት ኪሎ መድረስ። ፍርሃቱ በየደረጃው ይነሣል፤ ሳይወርድ ከቆየ ብዙ ጊዜ ይረግባል፤ አካሉም እንደማይሞት ከምክር ሳይሆን ከሾላ መንገድ ይማራል። ከመጀመሪያው ቀን የኋላ ወንበር ላይ መቀመጥ ጀግንነት ይመስላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ሰውን ወደ እግር መንገዱ ይመልሰዋል።

በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ቀጠሮ ያን ደብተር አውጥተው ከመነሻው ጋር ያስተያዩት፤ መጠይቁንም ዳግም ይሙሉ። ሙሉ ፈውስ በዚህ ጊዜ አይጠበቅም፤ አምስት ሌሊት የነበረው ሦስት ሆኖ ከተገኘ ግን መንገዱ እየሠራ ነው። ምንም ካልተነቃነቀ ለባለሙያው በግልጽ ይንገሩት። ጥሩ ባለሙያ አይቆጣም፤ ዘዴውን ይለውጣል፣ መድኃኒት እንዲጨመር ወደ ሐኪም ይልካል ወይም ሌላ ሰው ይጠቁማል። ከባድ ነገር በተነገረበት ሳምንት መክፋት ያጋጥማል፤ በተከታታይ ለሳምንታት እየባሰ የሚሄድ ከሆነ ግን «ይህ የሕክምናው ጠባይ ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ዘጠነኛ፦ መለወጥና ማቆም

አንዳንድ ነገር ሲታይ ሁለተኛ ዕድል አይሰጥም፦ የፍቅር ወይም የወሲብ ሐሳብ፣ የንግድ ሽርክናና ብድር፣ የሌላ ታካሚ ታሪክ በስም ወይም በሚታወቅ ምልክት መተረክ፣ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት አቁሙ ማለት፣ በብሔር ወይም በእምነት መሳለቅ። በዚህ ጊዜ ምክንያት መስጠት አይጠበቅብዎትም፤ መሄድዎን ያቁሙ፤ የሙያ ፈቃድ ለሚሰጠው የጤና አካልም ማመልከት ይችላሉ።

ነገሩ እንዲህ የከፋ ሳይሆን ልብ ለልብ አለመገናኘት ብቻ ከሆነ፣ ሳይናገሩ ከመጥፋት አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ «እስካሁን ስላደረጉልኝ አመሰግናለሁ፤ በሌላ መንገድ ልሞክር አስቤአለሁና እስካሁን የሠራነውን በአጭሩ ጽፈው ቢሰጡኝ።» ይህን ማጠቃለያ ከደብተርዎ ጋር ይዘው ወደ ሁለተኛው ስም ይደውሉ። የሚቀጥለው ባለሙያ ታሪክዎን ከሕፃንነት ጀምሮ እንደገና ሳያስተርክዎ፣ የተሞከረውንና ያልሠራውን አይቶ ከዚያ ይቀጥላል፤ አንብቦት እንደሆነም በመጀመሪያው ጥያቄው ይታወቃል።